ግልጽ ደብዳቤ፦ አራት ጎማ በአንድ መስመር አይመረመርም

ይድረስ ለተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የጎማ መጠን፣ ዕድሜና የጥርስ ጥልቀት በየእግሩ ተለይቶ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን የምንጽፈው ጎማ በመግጠምና መኪና በመጠገን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ብዙው አሽከርካሪ ስለ ጎማ ያለው እምነት አጭር ነው፤ “አየር ከያዘ ጎማ ነው” ይላል። ይህን እምነት ብቻውን አላመጣውም። የምርመራ ቅጹ አራቱንም ጎማ በአንድ መስመር “ደህና” ብሎ ካለፋቸው፣ ባለመኪናው በዓመት አንዴ ከባለሥልጣን የሚሰማው ይህንኑ ነው። የምንጠይቀው ያ አንድ መስመር አራት እንዲሆን ነው።

ጎማ ሲፈነዳ የሚገዛው አንድ ነው፤ መስፈርቱም ቸርኬው ላይ መግባቱ ብቻ ነው። 15 ቁጥር ቸርኬ ላይ ደግሞ 195/65 አር 15ም ይገባል፣ 185/65 አር 15ም ይገባል። እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው ጎማ የጎን ቁመት የወርዱ፣ ማለትም የ195 ሚሊሜትር፣ 65 በመቶ ስለሆነ 126.75 ሚሊሜትር ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ወስደን የቸርኬውን 15 ኢንች፣ ማለትም 381 ሚሊሜትር፣ ስንጨምር 634.5 ይመጣል። ሁለተኛው በዚሁ ስሌት 621.5 ነው። 13 ሚሊሜትር በዓይን አይያዝም። በአንድ ኪሎሜትር ግን ትልቁ 502 ጊዜ ያህል ሲዞር ትንሹ 512 ጊዜ ይዞራል። ሁለቱ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ በሚይዘው ዘንግ) ግራና ቀኝ ከተገጠሙ፣ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል በቀጥታ መንገድም ላይ ኩርባ እንደያዘ ሁሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ የየእግሩን ፍጥነት እያነበበ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የተዛባ ንባብ ይደርሰዋል። አራቱም እግሩ ዘወትር በሚነዳ መኪና ላይ ጉዳቱ ይብሳል። አንዳንድ አምራቾች በጎማዎቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የጥርስ ልዩነት ብቻ የሚፈቅዱት፣ ከዚያ ሲያልፍ የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ግሎ ስለሚበላ ነው። የዚያ ጥገና ከአራት አዲስ ጎማ ሊበልጥ ይችላል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥር የሚያነብ አሽከርካሪ ጥቂት ነው። 91 ማለት ጎማው በትክክለኛ አየር 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 88 ደግሞ 560 ኪሎ። ሰውና ዕቃ ጢም ብሎ በተጫነ መኪና፣ በአንድ እግር የጎደለው 55 ኪሎ ሙቀት ሆኖ ነው የሚመለሰው። ጎማን ከውስጥ የሚገነጥለውም ሙቀት ነው።

ብዙ የሚያከራክረን ግን አዲሱ ጥንድ የት ይገጠም የሚለው ነው። “ፊት ነው እንጂ፣ መሪው ያለው እዚያ ነው” ይሉናል። ነገሩ የሚለየው በዝናብ ነው። የጎማ ጥርስ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃው ላይ ቀድሞ ይንሳፈፋል። የፊቶቹ ቢንሳፈፉ መሪው ይቀልላል፤ አሽከርካሪው ስለሚሰማው እግሩን ከነዳጅ ያነሣል። የኋላዎቹ ቢንሳፈፉ ግን ኋላው ዞሮ ፊቱን ይቀድማል፤ ያን ለማረም ጊዜ የሚያገኝ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ የፊት እግር ነጂ መኪናም ቢሆን አዲሱ ጥንድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገንዘብ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ፣ ሁለቱ በአንድ አክስል ይግቡ፤ ከወጡት የተሻለው መጠባበቂያ ይሁን። አንድ ጎማ ብቻ መግዛትን ድንቁርና ብለን አንሰድበውም፤ ብዙውን ጊዜ የኪስ ጉዳይ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የጎማው ጎን ላይ ያለው የመጨረሻው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። ሙሉው ኮድ በአንዱ ጎን ብቻ ሊታተም ስለሚችል፣ ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ አለ፤ በጥርሶቹ መካከል ስንጥቅ ይታይበታል፤ እርጥብ መንገድ ላይም አይዝም።

ጥልቀቱ በሦስት ቦታ ይለካ፦ ከውስጥ ጠርዝ፣ ከመሃል፣ ከውጭ ጠርዝ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊሜትር ገደማ አለው፤ በብዙ አገሮች የመጨረሻው ወሰን 1.6 ሚሊሜትር ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑም እዚያ መድረሱን ያሳያሉ። የሦስቱ ቁጥሮች ልዩነት ግን ከወሰኑ በላይ ይናገራል። መሃሉ ካለቀ አየር በዝቶበታል፤ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ አየር አንሶታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና አሰላለፍ) ተዛብቷል ወይም የመሪው ማያያዣ ላልቷል። ዙሪያውን ጎድጎድ እያለ ከተበላ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል ወይም ባላንሱ ጠፍቷል። አሽከርካሪው ይህን ሳያውቅ አዲስ ጎማ ይገዛና ያው በሽታ በጥቂት ወራት ይበላበታል፤ ከዚያ “ጎማው የማይረባ ነበር” ይላል። ከጎማው ዋጋ በጥቂቱ አላይመንት ቢያስተካክል ኖሮ ወጪው ይቀርለት ነበር።

የአየሩ ነገር እዚሁ ይጠቀስ። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በአሽከርካሪው በር በኩል ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ስለሆነ እሱን አይቶ መንፋት ስህተት ነው። መለካትም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ወደ ምርመራ የሚመጣ መኪና ተነድቶ ስለሚመጣ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ከፍ ሊል ይችላል፤ መርማሪው በዝቷል ብሎ እንዳያስተነፍሰው።

ስለዚህ ቅጹ ለእያንዳንዱ እግር ሙሉውን መጠን ከነጭነት ቁጥሩና የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት ከሚያሳየው ፊደል ጋር፣ የምርት ቀኑንና ሦስቱን ጥልቀቶች ይያዝ። በአንድ አክስል ላይ መጠናቸው የተለያየ፣ ከ1.6 ሚሊሜትር የወረደ፣ ጎኑ ያበጠ፣ የጭነት ቁጥሩ አምራቹ ካዘዘው ያነሰ ጎማ ምርመራውን አይለፍ። መጠኑ አንድ ሆኖ ፋብሪካው የተለያየ ከሆነ ግን ማሳሰቢያ ይበቃል፤ እዚህ ላይ ማጥበቅ ሰውን ማስመረር ነው። እስከ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ብቻ የተፈቀደውን ቀጭን መጠባበቂያ ጎማ ገጥሞ የመጣም ይመለስ።

ለምርመራ ቀን ብቻ ጎማ ተውሶ የሚመጣ እንዳለ መርማሪዎቻችሁም ያውቃሉ። የምርት ቀኑ ከተመዘገበ፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ፣ ያውም ያረጀ ጎማ ይዞ የመጣን ሰው ለመጠየቅ ያስችላል።

ጥልቀት መለኪያው ኪስ የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው፤ አራቱን እግር ለክቶ መጻፍም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የቅጹ ግልባጭ ለባለመኪናው ይሰጠው፤ በቀጣዩ ዓመት ይዞት ይምጣ፣ መርማሪውም አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ይጻፍለት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጎማ ገጣሚዎችና የመኪና ጥገና ባለሙያዎች