የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የለንደን እሳት አደጋ እንዴት ተደራጀ?

የታሪክ ክበባችን የዓመቱን የጥናት ርእስ የሚመርጠው በመስከረም ወር ሲሆን፣ ዘንድሮ ግን የመረጥነውን ርእስ በጥቅምት ቀይረነዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ካወደመ በኋላ፣ ቤተሰቦቻቸው በዚያ አካባቢ የሚነግዱ አባላት ወደ ስብሰባው የመጡት አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር፤ 939 ሲደወል ስልኩን የሚያነሣው፣ መኪናውን የሚልከውና ከቦታው ሲደረስ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው? ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ስለሆነ፣ አንድ ከተማ እንዲህ ያለውን አገልግሎት በምን መንገድ ለማቆም እንደሚበቃ ከሥሩ ለማጥናት ተስማማን። ለዚህም ታሪኩ በስፋት የተጻፈለትን የለንደንን እሳት አደጋ መረጥን። ከዚህ በታች የማነሣቸው የለንደን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የተጀመረው መስከረም 2 ቀን 1666 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ተነሥቶ በ4 ቀናት ውስጥ ወደ 13,200 ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለው ታላቅ ቃጠሎ ነው። ከዚያ በኋላ የተቋቋሙት የመድን ድርጅቶች የየራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጥረው፣ መድን በገባው ቤት ግድግዳ ላይ የብረት ምልክት ይለጥፉ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ምልክት የሌለውን ቤት ሲቃጠል ቆመው ያዩ ነበር የሚለው ታሪክ በየቦታው ይነገራል፤ አባላቱም መጀመሪያ በቁጣ ተቀብለውት ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን የጎረቤቱ እሳት መድን ወደ ገባው ቤት መዛመቱ ስለማይቀር ቆሞ ማየቱ ለድርጅቱ ራሱ ኪሳራ እንደሚሆን አስረዳች። የታሪክ ጸሐፊዎችም ለዚህ ወሬ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ይናገራሉ። አንድን ታሪክ ከመድገም በፊት እንዲህ መመርመርን ከማንኛውም ፈተና አስበልጬ ስለማየው፣ በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም።

ረጅሙን ጊዜ የሰጠነው ለጄምስ ብሬድዉድ ነው። ብሬድዉድ በ1824 ገና በ24 ዓመቱ የኤድንብራ እሳት አጥፊዎች አለቃ ሆኖ ተሾመ። ግንበኞችን፣ አናጺዎችንና የጣሪያ ሠራተኞችን መርጦ የቀጠረው የሕንጻን አሠራር የሚያውቅ ሰው የትኛው ወለል እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚደረመስ ስለሚያውቅ ነው፤ ልምምዱንም ጨለማን እንዲለማመዱ ከንጋት በፊት ያካሂድ ነበር። በ1833 አሥር የመድን ድርጅቶች እሳት አጥፊዎቻቸውን በአንድ አመራር ሥር ሲያደርጉ ወደ ለንደን ተጠርቶ የመጣውም እርሱ ነው። ከመንገድ ላይ ቆሞ ውሃን ወደ ጭስ መርጨት ከንቱ ድካም መሆኑን፣ ሠራተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃውን በእሳቱ መነሻ ላይ ማድረግ እንዳለበት፣ ማንም ሰው ግን ብቻውን እንዳይገባ አስተማረ። በእኔ እምነት ከየትኛውም መኪናና መሰላል ይልቅ የዛሬውን ሙያ የፈጠረው ይህ ትምህርት ነው።

ብሬድዉድ የሞተው ሰኔ 22 ቀን 1861 ነው። በቴምዝ ወንዝ ዳር በቱሊ ጎዳና የሚገኙ መጋዘኖች ጥጥ፣ ስኳር፣ ሞራና ቅመማ ቅመም እንደታጨቀባቸው በእሳት ተያያዙ፤ እሳቱ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይሻገር የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። ብሬድዉድ ሠራተኞቹን ሲያበረታታ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ፤ እሳቱም ሙሉ በሙሉ የጠፋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የመድን ድርጅቶቹ ከደረሰባቸው ኪሳራ የተነሣ ከዚህ በላይ ከተማውን መጠበቅ እንደማይችሉ ለመንግሥት አስታወቁ። በ1865 ሕግ ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 1866 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የእሳት አደጋ አገልግሎት በካፒቴን አየር ማሲ ሾው መሪነት ሥራ ጀመረ፤ የዛሬውን የለንደን እሳት አደጋ ብርጌድ ስም ያገኘው በ1904 ነው።

ስለ ስልኩ የተጠየቀውም መልስ ያገኘው ከሌላ ቃጠሎ ነው። በ1935 በዊምፖል ጎዳና 5 ሴቶች በሞቱበት እሳት፣ አንድ ጎረቤት ስልክ ደውሎ በማዞሪያው ወረፋ ሲጠብቅ ቆየ፤ ለጋዜጣ የጻፈው ቅሬታም በ1937 ለንደን ላይ 999 ለተባለው ቁጥር መጀመር ምክንያት ሆነ።

ስለ ዛሬው አደረጃጀት በአጭሩ ልናገር። ብርጌዱ 102 የየብስ ጣቢያዎችና በላምቤዝ አንድ የወንዝ ጣቢያ አሉት። ሠራተኞቹ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በሚባሉ አራት ቡድኖች ተከፍለው 2 ቀንና 2 ሌሊት ሠርተው 4 ቀን ያርፋሉ። የመጀመሪያው መኪና በአማካይ በ6 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ8 ደቂቃ እንዲደርስ ይጠበቃል። አስቀድሞ የደረሰው ኃላፊ፣ የበላዩ መጥቶ እስኪረከበው ድረስ የቦታው አዛዥ ነው፤ ስንት መኪና እንደሚጨመርም በሬዲዮ የሚወስነው እርሱ ነው።

በግንቦት ወር ይህንኑ የአዛዥነት ሥርዓት ተከትለን በትምህርት ቤታችን ከሕንጻ የመውጣት ልምምድ አደረግን። የኋላው ደረጃ በር ተቆልፎ፣ ቁልፉም በቦታው ከሌለ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ሆኖ በመገኘቱ የሁለተኛ ፎቅ ተማሪዎች በሙሉ በፊት ለፊቱ ደረጃ ተጨናንቀው ወረዱ። የክበቡ ጸሐፊ በቃለ ጉባኤው ላይ የቱሊ ጎዳናን የብረት በሮች ጠቅሳ ጻፈች፤ የእነዚያ ጥፋት ክፍት መተዋቸው፣ የእኛው ጥፋት መቆለፉ መሆኑንም አስተዋለች። ቃለ ጉባኤው ለአስተዳደሩ ከቀረበ በኋላ በሩ በትምህርት ሰዓት እንዳይቆለፍ ተወስኗል፤ ሁለት አባላትም በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ከመዝሙሩ በፊት እየሞከሩት ነው።

በሚመጣው ዓመት የአዲስ አበባን እሳት አደጋ ታሪክ ከጡረታ ከወጡ ሠራተኞች አንደበት ለመሰብሰብ አቅደናል። የመጠይቁ ረቂቅ አልቋል፤ የመቅረጫ መሣሪያ ሊያውሰን የሚችል ወላጅ ካለ በክበቡ ሰብሳቢ በኩል እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።