ለደንበኞቻችን፦ ስለ 5 ፐርሰንቷ ጭማሪ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን የምግብ ቤታችን ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ ከተማውን ዞሯል። «ደብረ ብርሃንም እንደ አዲስ አበባ ሆነች»፣ «ምግቡን ያስወደዱት አንሶ አሁን ደግሞ አገልግሎት እያሉ ያልቡናል» የሚል ተጽፎበት ለእኔም ደርሶኛል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዳንዶቹ እዚሁ ቤት ቁርሳቸውን የሚበሉ ናቸው። ቅር ያላችሁን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጭማሪውን ግን አላነሳሁትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምን እንዳደረግን በትክክል ይታወቅ። በየሂሳቡ ላይ 5 ፐርሰንት የአገልግሎት ክፍያ ጨምረናል። 400 ብር ለበላ ሰው 20 ብር ማለት ነው። ከውጭ አገር በመጣ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ ለሚከፍል ደግሞ ሌላ 3 ፐርሰንት አለበት። በጥሬ ብር፣ በቴሌብር ወይም በአገር ውስጥ ባንክ የሚከፍልን ሰው ይህ ሁለተኛው አይመለከተውም። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ሁለቱን ደምሮ «8 ፐርሰንት» ብሎ ጽፏል። እሱ ግን የከፈለው 5 ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ይታያል። ስትሰድቡን እንኳ ሂሳቡን አስተካክላችሁ ስደቡን።

አሁን ወደ 5ቷ ልምጣ። እሷን የጨመርኳት፣ ለአስተናጋጆች ይተው የነበረው ጉርሻ ስለጠፋ ነው።

ሰው በጥሬ ብር ሲከፍል መልስ ይተርፍ ነበር። 185 ብር በልቶ 200 የሰጠ ሰው «ተይው» ብሎ ይነሳል። ለእሱ 15 ብር ምንም አይደለችም። አስተናጋጇ ግን እንዲህ እያጠራቀመች ነው የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ መሮጥ ቀረልኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በስልክ የሚከፍል ሰው ልኩን ነው የሚከፍለው። ሂሳቡ 185 ከሆነ 185 ይልካል። መልስ ከሌለ ጉርሻም የለም። ሰዉ ስስታም ሆኖ አይደለም፤ እኔም ሌላ ቤት ስበላ እንደዚያው አደርጋለሁ። እጅ ላይ የሚቀር ነገር ስለሌለ ትዝ አይልም።

በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ አብዛኛው ሰው ወደ ጥሬ ብር ተመለሰ። ያ ጊዜ ለሁላችንም ክፉ ጊዜ ነበር፤ ተመልሶ እንዲመጣ የሚመኝ የለም። የልጆቹ ጉርሻ ግን ተመልሶ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ እንደገና ጠፋ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ላምጣ?

«ታዲያ ደሞዝ ጨምሪላቸዋ!» ያላችሁኝ አላችሁ። ጨምሬያለሁ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈለውም የሚል የደሞዝ ወለል እስካሁን አልወጣም። ስለዚህ ስንት እንደምከፍል የሚወስኑት ገበያውና የእኔ ኅሊና ናቸው። ደሞዝ ሲጨምር ከአሠሪው የሚወጣው የ11 ፐርሰንት ጡረታም አብሮ ይጨምራል፤ ሠራተኛዋም 7 ፐርሰንቷን ታዋጣለች። ጡረታ ጠልቼ አይደለም። እናቴ ዕድሜ ልኳን ሠርታ ያለ ጡረታ ስላረጀች ጥቅሙን አውቀዋለሁ። ግን ደሞዙን ሁሉ እኔ ልሸፍን ብል የምግቡ ዋጋ መውጣቱ አይቀርም። ጥብሱ ላይ 40 ብር ጨምሬ ዝም ብል ኖሮ አንድም ሰው ደረሰኝ ፎቶ አያነሳም ነበር። በግልጽ ስለጻፍኩት ነው ሌባ የተባልኩት። ይቺ ነገር እንቅልፍ ነስታኛለች።

ደግሞም ጉርሻ ድሮም ቢሆን ፍትሕ አልነበረውም። ፈገግ ብላ ሳህን የምታቀርበው ታገኛለች። ጓዳ ያለችውን ማን ያያታል? እንጀራ ጋጋሪያችን ከሌሊቱ ጀምራ ጭስ ውስጥ ናት። ሳህን አጣቢዋ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እጇን ውኃ ውስጥ ነክራ ትውላለች። የከተማችንን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። እነዚህ ሴቶች እዚህ ቤት ሲሠሩ የኖሩት ከደንበኛ አምስት ሳንቲም ሳያዩ ነው። አሁን 5 ፐርሰንቷ ለሁለት ትከፈላለች፤ ግማሹ ለአስተናጋጆች፣ ግማሹ ለወጥ ቤት። ቅዳሜ ማታ ተቆጥራ ትከፋፈላለች። ሁሉም የፈረሙበት ወረቀት ጓዳው በር ላይ ተለጥፏል፤ የፈለገ ገብቶ ያንብብ። እኔ ከውስጧ አልወስድም። የተሰበረ ብርጭቆ እንኳ አይታሰብባትም።

አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ገብታችሁ ታውቃላችሁ። 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨምራሉ፤ በዚያ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይሰላል። የ100 ብሩ ምግብ 126 ብር ከ50 ሆኖ ይመጣል። ማንም ትንፍሽ አይልም፤ እንዲያውም ፎቶ ተነስቶ ይለጥፈዋል፣ ለጉራ። የኛ 5 ብር ስትሆን ግን አገር ይያዝልኝ ተባለ። ትንሽ ቤት ስለሆንን ይሆን? እንጃ።

የካርዱን ነገር ደግሞ ለገናና ለጥምቀት የሚመጡ ወገኖቻችን ናቸው ያነሱት። ከአሜሪካ የመጡት ብዙም አልገረማቸውም። እዚያ በብዙ ክልሎች ነጋዴው ክሬዲት ካርድ ላይ መጨመር ይችላል። ቪዛ ራሱ ጭማሪው ከ3 ፐርሰንት እንዳያልፍ በ2023 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ጉርሻውም እስከ 20 ፐርሰንት ነው። ለነገሩ የእነሱ ጉርሻ የራሱ ምክንያት አለው፤ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ የፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪውን የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። ከጀርመንና ከጣሊያን የመጡት ግን ተቆጡ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በተለመዱት የግል ካርዶች ላይ መጨመር ክልክል ነው። አንዱማ «እኛ ጋ ብትሆኚ ትከሰሺ ነበር» አለኝ። እናንተ ጋ ብሆን እኔም ሕጉን አከብር ነበር አልኩት።

እዚህ ያለው እንዲህ ነው። በውጭ ካርድ ሲከፈል ባንኩ ኮሚሽኑን ቆርጦ ነው የሚያስገባልኝ። ኮሚሽኑን እኔ ልቻል ብል በበያይነቱ የሚተርፈኝ ምን ያህል ነውና? ከእኛው ሠፈር አርሶ አደር ወይም ተማሪ ላይ አውጥቼ የእንግዳን ካርድ ልክፈል? እሱ አይሆንም። ካርድ ያልተመቸው ብር መንዝሮ ይምጣ፤ ያኔ 3ቷ ትቀርለታለች። (አንዲት እንግዳ ደግሞ ለአስተናጋጃችን ዶላር አስጨብጣት ሄደች። ልጅቷ ለሳምንት አልሠራ ብላን ነበር፣ እግዜር ይስጣት።)

ስለ ኑሮ ውድነት ለእናንተ ማውራት ይከብደኛል፤ ሁላችንም አንድ ገበያ ነው የምንሄደው። ብቻ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዘይቱም፣ ጋዙም፣ የሻይ ብርጭቆውም በአንድ ዋጋ ሰንብቶ አያውቅም። የምንጃር ጤፍ ቅርባችን ነው ይባላል፤ ኩንታሉን ስትጠይቁ ግን ቅርብነቱ አይታወቅም። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አንዳንዴ ይረክሳል፣ በወሩ ደግሞ አይቀመስም። የሸኖ ቅቤን ተዉት። ቅቤና ዶሮ ይዘውልኝ የሚመጡት እናቶች ደግሞ በስልክ ክፈይን አይሉም፤ በእጃቸው ነው የሚፈልጉት። እናንተ በስልክ የላካችሁልኝን እኔ ክፍያ ከፍዬ፣ ሰልፍ ይዤ አውጥቼ ነው ለነሱ የምሰጠው። ይህንን ግን አንድ ቀንም በሂሳባችሁ ላይ አልጨመርኩም።

መንገዱንም አንርሳ። ይህ ቤት የቆመው ግማሹ በከተማው ሰው፣ ግማሹ ከደሴና ከወልዲያ መስመር በሚወርድ መንገደኛ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የወጥ ድስቱ ሳይጋመስ ይመሻል። ያኔም ሠራተኛ አልበተንኩም። ይህን ለምስጋና ብዬ አይደለም የማነሳው፤ ግን አንስቼዋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ እናቴን ታስታውሷታላችሁ። መናኸሪያው አጠገብ በሸራ ሥር ሻይና አምባሻ ትሸጥ ነበር። ሹፌሮች «እትዬ፣ ሞቅ ያለውን» እያሉ ከንጋቱ በፊት ያንኳኩባት ነበር። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነው ያደግኩት። የዚያን ጊዜ ውርጭ እጄ ላይ እስካሁን አለ። ሳህን አጣቢዋን ሳይ ዝም ማለት የማልችለው ለዚህ ይሆናል። እናቴ ለማንም ዱቤ አልከለከለችም፤ እኔም አልከለከልኩም። በክፉው ጊዜ ደሞዝ የዘገየባችሁ፣ ልጅ የታመመባችሁ በደብተር በልታችኋል። ደብተሩን ለማንም አላሳየሁም፤ ወደፊትም አላሳይም። ግን እዚያ ደብተር ላይ ስሙ ያለ ሰው ሌባ ብሎ ሲጽፍብኝ ሳይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አለቀስኩ።

ስለ ሐሰተኛ ስክሪንሹትም ላንሳ፣ እሱም ቅሬታ ሆኗልና። አስተናጋጇ የባንኩ መልእክት እስኪደርስ ቆማ ስትጠብቃችሁ እናንተን ተጠራጥራ አይደለም። ያልተላከ ብር «ተልኳል» የሚል ፎቶ አሳይተው የሄዱ ሰዎች አሉ። ጉድለቱን የምችለው እኔ ነኝ፤ ከልጆቹ አልቆርጥም። ስለዚህ ትንሽ ታገሷቸው። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ቡና እንድታመጣላችሁ ንገሯት።

ከዚህ በኋላ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። 5ቷን ከከፈላችሁ ጨርሳችኋል። ቆሞ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይ ሠራተኛ ካለ ለእኔ ንገሩኝ። በልቡ ደስ ብሎት የሚሰጥን ሰው ግን አንከለክልም። ጭማሪው ከዛሬ ጀምሮ ሜኑው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ በሩ ላይም አለ። መንገደኛ ሳይቀመጥ አንብቦ መወሰን ይችላል። ለመስከረም እንደገና አየዋለሁ። እስከዚያ ገበያው ከተሻለ የመጀመሪያዋ የምትነሳው የካርዷ 3 ፐርሰንት ናት።

ከመስኮቱ ሥር ይቀመጡ የነበሩት ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ጭማሪው ከመጣ ወዲህ አላየሁዎትም። ልጆቹም ይጠይቁኛል። ቢቆጡኝም እዚህ መጥተው ይቆጡኝ።

ሌሎቻችሁም ቅሬታ ካላችሁ ፊት ለፊት ንገሩኝ፤ ሁልጊዜም ቤት ነኝ። ከ8 ሰዓት በኋላ ኑ እንጂ በምሳ ሰዓት አደራ፣ እየተከራከርኩ ወጡ ያርርብኛል።

ከአክብሮት ጋር
የቤቱ ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን