የ9ኛ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራን ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደብረ ማርቆስ

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት) ስብሰባ ቅዳሜ ከጧቱ 3፡00 ነው። ለጤፍ አጨዳ ልጅ የምታስቀሩ ወላጆች አስቀድማችሁ አሳውቁን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሒሳብ የቤት ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን በኢንተርኔት ከሆነ ወዲህ ቢሮዬ ከወላጅ ተለይቶ አያውቅም። መምጣታችሁ ያስደስተኛል፤ ካርድ በምንሰጥበት ቀንም እንዲህ ብትመጡ እንዴት ጥሩ ነበር።

«መምህሩ ደብተር ማረም ሰልችቶት ነው» ትላላችሁ። አንድ የሒሳብ መምህር አራት ክፍል ይዟል፤ በየክፍሉ 60 ልጅ፣ በድምሩ 240 ደብተር። ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 8 ሰዓት ይፈጃል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እስካሁን ሲደረግ የኖረው ራይት እየጣሉ ማለፍ ነው። አሁን ልጁ ስሕተቱን እዚያው ያያል፤ መምህሩም ልጆቹ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወደቁ አውቆ ክፍል ይገባል። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅንፍ የሌለውን −3² «9» ብለው ሞልተው አደሩ። መልሱ −9 ነው። መምህሩ ጧት የጀመረው ከዚያ ነው። በደብተር ቢሆን ይህን የምናውቀው ፈተና ላይ ነበር።

«ስልክ አትስጧቸው ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም ወይ?» አዎ፣ ብለናል። ዛሬም ክፍል ውስጥ የተገኘ ስልክ ይወረሳል። አሁን የምንለው ማታ ግማሽ ሰዓት፣ እናንተ ባላችሁበት ነው። ቲክቶክን ቤታችሁ ያስገባው ሒሳብ አይደለም፤ ቀድሞም ነበረ።

ከማቻከልና ከአነደድ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች አልረሳንም። ስልክ የሌለው ከትምህርት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ይሠራል፤ ያልተመቸው ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ይወስዳል። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ይህን ሦስት ጊዜ ሰልፍ ላይ ተናግሬያለሁ፤ አራተኛውን በጽሑፍ ተቀበሉኝ።

ጉድለት የለውም አላልኩም። 6/8 የጻፈችን ልጅ ኮምፒውተሩ «3/4 አላልሽም» ብሎ ዜሮ ሰጥቷታል፤ መምህሩ አስተካክሎላታል። የማስረከቢያው 11፡59 ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 5፡59 ማለት ነው። ሳይመሽ አለፈብን ብለው የተዉ ልጆች ነበሩ፤ ይህን አስቀድሞ አለመንገር የእኛ ጥፋት ነው። እንደ ፎቶማዝ ያለ አፕ ጥያቄውን ፎቶ ሲያነሡት ደረጃ በደረጃ ሠርቶ እንደሚሰጥም እናውቃለን። ስለዚህ አሠራሩ ደብተር ላይ ካልታየ ውጤቱ አይያዝም።

20 ከ20 ያመጣ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ x ን ማዶ አሻግሮ ምልክቱን መለወጥ አቃተው። ማታ ታላቅ ወንድሙ ኢንጂነሩ ሠርቶለት ኖሯል። ኢንጂነሩን 9ኛ ክፍል ልንመዘግበው አንችልም።

«በእኛ ጊዜ በጠመኔ ተምረን እዚህ ደርሰናል» ላላችሁኝ አባት፦ እኔም በጠመኔ ነው የተማርኩት። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ልጅዎ ማውስ የሚጨብጠው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሆን አልፈልግም፤ እርስዎም እንደማይፈልጉ አምናለሁ።

የይለፍ ቃል የጠፋባችሁ ሰኞ ከጧቱ 2፡30 ጀምሮ ኮምፒውተር ክፍል ኑ። የምንሰጠው ለወላጅ ብቻ ነው፤ ልጅ አትላኩ።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህሩ