የግራ እጅ የማይጠይቅ ሞተር
የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ክበቡን ስንከፍት 19 ነበርን። «የዘንድሮ ሥራችን ምን ይሁን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሮቦት ያለ ነበር። ድሮን ያለ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አወጣችና በጥያቄዬ ላይ ጥያቄ ጨመረች። «ቲቸር፣ ፍሪሲዮን ሳይያዝ ሞተር መንዳት ይቻላል?»

ጥያቄው ከቤቷ የመጣ ነው። አባቷ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለዓመታት በሞተር ተመላልሰዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የእህል መውቂያ ማሽን ግራ እጃቸውን ያዘው። ሦስት ጣት ሄደ። በቀሩት ሁለት ጣቶች መሪ መያዝ ይችላሉ። ፍሪሲዮን መጭመቅ ግን አይሆንላቸውም። ሞተሩ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ልጅቷ ይህን ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ሮቦት ያለው ልጅ ራሱ «እሱን እንሥራ» አለ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኢንጂን ከተነሳ በኋላ ሳያቋርጥ ይዞራል። ጎማው ግን መቆም የሚገባው ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን ነው። መኪና ላይ በግራ እግር ይረገጣል። ሞተር ሳይክል ላይ በግራ እጅ ይጨመቃል፤ ማርሹ ደግሞ በግራ እግር ይገባል። ስለዚህ ግራ እጁ የደከመ ሰው እግሩ ደህና ቢሆንም ማርሽ ማስገባት አይችልም።

መስከረምና ጥቅምት በንባብ አለፉ። «ለየት ያሉ ሞተሮች» የሚል የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጀን። ልጆቹ መጀመሪያ ያመጡት በክሮም የሚያብረቀርቁ፣ መሪያቸው ሰማይ ሊነካ የደረሰ ቾፐሮችን ነበር። ያምራሉ። እኔ ግን አንድ ደንብ አወጣሁ። ሞተሩ ለምን እንደተለወጠ መናገር ያልቻለ ልጅ ፎቶውን አይለጥፍም። ያን ጊዜ ግድግዳው ሌላ መልክ ያዘ።

የኒውዚላንዱ በርት ሙንሮ መጣ። በእጁ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራ ኢንዲያን ስካውት ነው። አዲስ ሳለ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሮጥ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። ፒስቶን ሳይቀር እያቀለጠ ራሱ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ አሜሪካ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ወደ 296 ኪሎ ሜትር ሮጦ ከ1000 ሲሲ በታች የሆኑትን ክብረ ወሰን ያዘ። ይህን የለጠፈው ልጅ ከሥሩ «ጋራዡ ቤቱ ነበር» ብሎ ጻፈበት።

ቀጥሎ ሮኮን መጣ። አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር የሚሠራ የጫካ ሞተር ነው። የፊቱም የኋላውም ጎማ ይጎትታል። ቸርኬው እንደ በርሜል ክፍት ነው፤ ውሃ ወይም ቤንዚን ይሞላበታል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የእጅ ፍሪሲዮን የለውም። የስዊድን ጦር የነበሩት ሁስክቫርናዎችም እንዲሁ ናቸው። ወታደሩ በበረዶ ላይ እግሩን በግራና በቀኝ በታሰረ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ላይ አሳርፎ ይነዳቸው ነበር። ማርሹን ኢንጂኑ ራሱ ይቀይር ነበር።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የወሰደው ግን ትንሹ ሆንዳ ሱፐር ከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ባለ 50 ሲሲ ነበር። ሶይቺሮ ሆንዳ ሲያስቡት በዓይነ ልቦናቸው የነበረው ጃፓን ውስጥ ምግብ እያደረሰ የሚኖር ልጅ ነው። በአንድ እጁ የሶባ (የጃፓን ፓስታ) ትሪ ተሸክሞ በሌላው ይነዳል። ታዲያ ፍሪሲዮን በምኑ ይጨምቅ? ፍሪሲዮኑን ከእጅ አውጥተው ለኢንጂኑና ለእግር ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠራው ብዛት 100 ሚሊዮን አለፈ። ልጅቷ ይህን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። «ለአባዬ የሚሆነው ሞተር ይሄ ነው» አለች።

ኅዳር ላይ ወደ ሥራ ገባን። ክዳኑ የጠፋ የአሉሚኒየም ድስት ከአንዲት እናት ለመንን። ሁለት የእንጨት ቁራጮች ቆርጠን ጀርባቸው ላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ለጠፍን። በሞላ አሰርናቸውና ከትራፓኖ ጋር አያይዘን ድስቱ ውስጥ አስገባናቸው። ትራፓኖው ሲዞር እንጨቶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሞላው ወደ ውስጥ ይስባል። ፍጥነቱ ሲያይል እንጨቱ ሞላውን ያሸንፍና የድስቱን ግድግዳ ይይዛል። ያን ጊዜ ድስቱም ይዞራል። ሴንትሪፉጋል ፍሪሲዮን የሚባለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ቡሎኑ ላላና አንዱ እንጨት በርሮ ጥቁር ሰሌዳውን መታ። ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የእኔ ነው። መከለያ ሳላሠራ ትራፓኖውን ማስነሳት አልነበረብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ሣጥንና ያለ መነጽር የሚሞከር ነገር የለም።

ሞላ ስንቀያይር ብዙ ተማርን። የላላ ሞላ ገና ሲነሳ ይይዛል። የጠነከረ ሞላ ትራፓኖው እስኪጮህ ድረስ አይለቅም። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የ11ኛ ክፍል ልጆች ቀመሩን ክፍል ውስጥ ጽፈውታል። ድስቱ ባንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲዞር ሲያዩ ግን «እንዲህ ነው እንዴ!» ያሉት እነሱው ናቸው።

ጥር ላይ አንድ ጋራዥ ጥግ ተጥሎ የነበረ ባለ 110 ሲሲ የቻይና ኢንጂን ሰጠን። አሠራሩ እንደ ከብ ነው። የቀኙን ሽፋን ስንከፍት የተቃጠለ ዘይት ሽታ ላቦራቶሪውን ሞላው። ውስጡ ድስታችን ቁጭ ብሏል! ክብ የብረት ከበሮ፣ በውስጡ ሸራ የለበሱ ጫማዎች (የእኛ እንጨቶች መሆናቸው ነው)፣ በመካከላቸው ቀጫጭን ሞላዎች። ከጎኑ ሌላ ፍሪሲዮን አለ፤ በዲስክ የተደራረበ። አንድ ልጅ የማርሹን ፔዳል በእጁ ቀስ ብሎ ሲጫን ቆየና ጮኸ። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ዲስኮቹ ላላ ይላሉ። ፔዳሉ አንድ ሥራ ሳይሆን ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይከፍታል፣ ቀጥሎ ማርሽ ያስገባል። ፔዳሉን ሃያ ጊዜ ያህል አስረገጡት። እኔም አልከለከልኳቸውም።

ስለ ገጠር መንገድ ብዙ ተከራከርን። በፒስታና በድንጋይ ላይ ለሚነዳ ሰው አውቶማቲክ ፍሪሲዮን ትልቅ እፎይታ ነው። ዳገት መሃል ድንጋይ ሲመታ ኢንጂኑ አይጠፋም። እጅ አይዝልም። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ቦይዚ ከተማ ሬክሉስ የሚባል ድርጅት አለ፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በተለመደው የኢንዱሮ (ከአስፋልት ውጭ የሚነዳ) ሞተር ፍሪሲዮን ውስጥ የሚገባ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚሰፋ ዲስክ ይሠራል። ቀደም ሲል ለዚሁ ሥራ የብረት ብዮች ይጠቀም ነበር። ኩሽኔታ ሰብሮ ብይ ያልተጫወተ ልጅ በመካከላችን ስለሌለ ይህን ለመረዳት ማንም አልተቸገረም። የእጁ ፍሪሲዮንም በቦታው ይቆያል፤ የፈለገ ይጨምቀዋል። አፍሪካ ትዊን የሚባለው የሆንዳ ሞተር ደግሞ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ዓይነት አለው። እሱ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ አለፍነው።

ችግሩ ቁልቁለት ላይ ነው። እኛ የጣርማ በርን ቁልቁለት እናውቃለን። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጫፍ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ በፍሬን ብቻ የሚተማመን ሹፌር የለም፤ በማርሽ ይያዛል። ታዲያ ኢንጂኑ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ራሱ ቢለቅስ? ሞተሩ በፎሌ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ እንደሚወርድ ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ተከቶ የቆመ ሞተር አይያዝም፤ ይንከባለላል። ኢንጂኑ እየሠራ ማርሽ ውስጥ ሳለ በስህተት ነዳጅ የሰጠም ይወረወራል። ልጆቹ እነዚህን ሦስቱን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከኢንጂኑ በላይ ሰቀሉ። ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈበት ሥራ ለሰው አይሰጥም የሚለው ሀሳብ የእነሱ ነው። እኔ በዚህ ኮርቻለሁ።

የቁልቁለቱን መልስ ያገኘነው ከዚያው ከኢንጂኑ ነው። ከበሮው መሃል ጥቃቅን ሮለሮች አሉ። በአንድ በኩል ሲያዞሩት ነጻ ነው፤ በሌላ በኩል ይቆልፋል። ልክ እንደ ብስክሌት የኋላ ጥርስ። ጎማው ከኢንጂኑ ቀድሞ ሊሮጥ ሲል ሮለሮቹ ይቆልፉና ኢንጂኑን አብሮ ይጎትቱታል። ኢንጂኑም መልሶ ይይዛል። ልጅቷ ከበሮውን በመዳፏ ይዛ ወዲያና ወዲህ እያዞረች ብዙ ቆየች። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ እሷ እዚያው ነበረች።

የቀረው የጉልበት ሥራ ነው። ሸራዎቹን ቀየርን፣ ካርቡራቶሩን አጠብን፣ አንድ በያጅ በነጻ የብረት ማቆሚያ ሠራልን። ወላጆች ቤንዚንና ዘይት ቻሉ። ሁሉንም በክበቡ ስም አመሰግናለሁ። ሰኔ ላይ 31 ሆነን ነበር፤ ከእነዚህ 12ቱ ሴቶች ናቸው።

በዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ላይ አባቷ መጡ። ግራ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ነው። ልጆቹ «እንኳን ደህና መጡ አባባ» ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ኢንጂኑ ማቆሚያው ላይ ተነሳ። እሳቸው ከላይ የተሰቀለውን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ በግራ እግራቸው ፔዳሉን ረገጡ። ቀጭ አለ። ጎማው አልተነቃነቀም። በቀኝ እጃቸው ቀስ ብለው ነዳጅ ሰጡ። ጎማው መዞር ጀመረ። ሁለተኛ አስገቡ፣ ሦስተኛ አስገቡ። ነዳጁን ለቀቁት፤ ጎማው ቆመ፤ ኢንጂኑ ግን አልጠፋም።

ይህ ኢንጂን ገና መንገድ አልወጣም። ሻንሲም (የሚሸከመው አካል) የለውም፣ ፈቃድም የለውም፣ የባለሙያ ምርመራም ይቀረዋል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ይኸው ነው። አባቷ ግን ኢንጂኑን አጥፍተው ጎንበስ አሉና ከበሮው ያለበትን ሽፋን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ጠየቋት።

«ቁልቁለት ላይ ይይዛል ነው ያልሽኝ?»

«ይይዛል አባዬ። ልክፈትና ላሳይህ?»

መፍቻውን አምጥታ እዚያው ሰው ፊት ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረች።