ለባህር ተዘጋጅቶ ለጣና ስለተላከልን የውሃ መለኪያ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

እንደምን ከረማችሁ። እኛ ባሕር ዳር ሆነን የጣናን ውሃ የምንለካ አራት ባልደረቦች ነን። ከእናንተ የገዛነው መሣሪያ ውሃ ውስጥ ሲወርድ ግፊት (ጥልቀቱን የሚያሰላው ከዚህ ነው)፣ ሙቀት፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ ጨው ሲበዛ ይጨምራል) እና የሟሟ ኦክስጅን ይመዘግባል። ስናዝዝ ለሐይቅ እንደምንፈልገው በጽሑፍ ነግረናችኋል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፣ መሣሪያው ገና ጀልባው ላይ ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ ጥልቀቱን -1.9 ሜትር አለ። ጣና ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። እናንተ ግን የጥልቀቱን ዜሮ በባህር ዳርቻ የአየር ግፊት አስተካክላችሁ ልካችኋል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ግድም ለሆነ ሐይቅ ሁለት ሜትር መሳት ቀልድ አይደለም። ይሁን፣ ይሄንን ራሳችን አስተካከልነው።

ያንገበገበን ኦክስጅኑ ነው። ግራፉ ሲወርድ አንድ መልክ፣ ሲወጣ ሌላ መልክ። ጻፍንላችሁ። "ሴንሰሩን አጽዱ" አላችሁ፤ አጸዳን። "ኬብል ቀይሩ" አላችሁ፤ ቀየርን። በሦስተኛው ኢሜይል ባለሙያችሁ "ጨዋማነቱ ወደ ዜሮ ስለተጠጋ ኮንዳክቲቪቲው ሳይበላሽ አልቀረም" አለን። ሐይቅ እኮ ነው ጌታዬ! ዜሮ ካልተጠጋ ነበር መደንገጥ።

ላኩት ስትሉ ላክነው። ከጉምሩኩ ጋር ሁለት ወር ፈጀ። የጉማራና የርብ ወንዞች ደለል ይዘው ሐይቁ ውስጥ የሚገቡበትን ክረምት ያለ መሣሪያ አሳለፍነው። ያ ዳታ ተመልሶ አይገኝም። መሣሪያው ግን "ጤነኛ ነው" ከሚል ወረቀትና ከምርመራ ሂሳብ ጋር ተመለሰ። ጨዋማ ገንዳ ውስጥ ከፈተናችሁት ጤነኛ ሳይሆን ምን ይሆናል?

ጣና ላይ ስናወርደው ያው ሆነ። አንዱ ባልደረባችን ጆሮውን ጠጋ አድርጎ "ፓምፑ አይሰማም" አለ፤ ውሃውን በቱቦ ስቦ ወደ ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚያደርሰውን ማለቱ ነው። መሣሪያውን የሐይቅ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርነው፤ ዝም። ከጀልባ ነጂው ምሳ ላይ አንድ እፍኝ ጨው ወስደን በተንን። አንድ ደቂቃ ግድም ቆይቶ ፓምፑ እዝዝ ማለት ጀመረ። ሳቃችንም ንዴታችንም አንድ ላይ መጣ።

ለካ ፓምፑ አየር ላይ እንዳይሽከረከር ኮንዳክቲቪቲው ከተወሰነ መጠን ካላለፈ አይነሳም። ያ መጠን የተስተካከለው ለባህር ውሃ ነው። የጣና ውሃ ኮንዳክቲቪቲ ደግሞ ከባህር ውሃው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ስለሆነ መሣሪያው ሁልጊዜ አየር ላይ ያለ ይመስለዋል። ፓምፑ ስለማይነሳ የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚለካው ቱቦው ውስጥ የቆመውን ውሃ ነበር። ያችን የመነሻ ቁጥር ዝቅ አደረግናት፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ዋስትናችሁ የአህያ ባል ሆኖብናል። ስለዚህ የምርመራውንና የመላኪያውን ወጪ መልሱልን። መሣሪያው ለጨው አልባ ውሃ እንዴት እንደሚስተካከል በመመሪያው የመጀመሪያ ገጾች ላይ አስገቡ፤ አሁን ያለው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ተቀብሮ ነው። ወደ ሐይቅ የሚሄድ መሣሪያ ስትሸጡም የሐይቁን ከፍታ ጠይቃችሁ ዜሮውን አስተካክሉ።

ደረሰኞቹንና የባልዲውን ሙከራ ፋይል አያይዘናል። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር