አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት ዕቃ ቤቱ ይታሰብ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ያስፈልጋታል የሚለው ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ይይዛል?» ነው። ወንበሩና ጠረጴዛው ስብሰባ በሌለ ቀን የት ያድራል ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በሙያው ላለን ሰዎች ግን አዳራሹ በደንብ ያገለግላል ወይስ አያገለግልም የሚለው የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አምስት መቶ ተደራራቢ ወንበሮች አሥር አሥር ሆነው ቢቆለሉ 50 ቁልል ይሆናሉ። አንዱ ቁልል 0.3 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ቁልሎቹ ብቻቸውን 15 ካሬ፣ ሰው ገብቶ የሚያወጣበት መተላለፊያ ሲታከል ወደ 25 ካሬ። ለዚያው ሰው የእራት ግብዣ ሲሆን አሥር አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ክብ ጠረጴዛ 50 ይፈለጋል። እግሩ የሚታጠፍ ከሆነ በጎኑ ቆሞ ጋሪ ላይ ይደረደራል፤ የማይታጠፍ ከሆነ ግን ክፍል ሙሉ ይበላል፣ ስለዚህ ግዢው ላይ ከዋጋው ይልቅ እግሩ ይታይ። የመድረክ ጣውላው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ምንጣፉ፣ የኤግዚቢሽን ሰሌዳው ገና አልተቆጠሩም። አምስት መቶ ሰው በክብ ጠረጴዛ ለማስተናገድ ከ800 ካሬ ያላነሰ ወለል ያስፈልጋል፤ የዚህ አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም 80 ካሬ ገደማ፣ ለዕቃ ቤት ተጨማሪ ሆኖ መያዝ አለበት እንላለን።

ይህ ቦታ ሲቀር ዕቃው አይጠፋም፤ ይሰደዳል እንጂ። ወንበሩ ደረጃ ሥር ይገባል፣ ጠረጴዛው በድንገተኛ መውጫው በር ይደገፋል። ከዚያ «ዕቃ እንዳይወጣ» ተብሎ በሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ከ500 በላይ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ቢያንስ ሦስት፣ ከ1,000 በላይ ከሆነ አራት መውጫ እንዲኖረው፣ በሮቹም ወደ ውጭ እንዲከፈቱ በብዙ አገር የሚሠራባቸው የሕንፃ ደንቦች ይጠይቃሉ። ፕላኑ ላይ አራት በር ተሥሎ ሁለቱ በጠረጴዛ ከተደፈኑ ሁለት በር ነው ያለው።

ነገሩ ለጎንደሬ እንግዳ አይደለም። የትኛውም ደብር ብንሄድ ዕቃ ቤት አለው፤ የጥምቀት ጥላና ካባ ከበዓሉ በኋላ ወደ ማደሪያው ተመልሶ በሥርዓት የሚቀመጥበት፣ የሚጠብቀውም ሰው የታወቀ ነው። ዘመናዊ ሕንፃ ስንሠራ ይህን ለምን እንደምንረሳው አይገባንም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነት መግቢያ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ስድስት ሰው በሚይዝ ሊፍት ዕቃ አያስገባም፤ ሁሉም በሸክም በደረጃ ይወጣል፣ ግድግዳውም ጠረጴዛውም ተፋፍቆ ያልቃል። አዲስ አበባ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. በአጭር ጊዜ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሊሆን የቻለው ምድር ላይ የተዘረጋ ሰፊ ወለል ስለነበረው ነው። ለእኛም አይሱዙ ቂጡን አዙሮ እስከ ዕቃ ቤቱ ደፍ የሚጠጋበት፣ ስፋቱም ቁመቱም ከ3 ሜትር ያላነሰ፣ ከእንግዳው መግቢያ የተለየ በር ይበቃል። ከተማችን ዳገት በዳገት ስለሆነች መኪናው የሚዞርበት ሜዳ መቆረጥ ያለበት መሠረት ሲወጣ ነው፤ በኋላ አይገኝም።

ስለ ውኃው ባጭሩ፦ 600 ተሰብሳቢ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቢገባና አንዱ ማፍሰሻ 6 ሊትር ቢወስድ 7,200 ሊትር ነው፣ እጅ መታጠቢያው ሳይቆጠር። አንድ የ10,000 ሊትር ሮቶ ለአንድ ቀን እንጂ ለሁለት ቀን ስብሰባ አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ድምፅ ማጉያውና ፕሮጀክተሩ በባትሪ እንዲቆዩ መደረጉ ደግሞ ትልቅ ወጪ አይደለም።

አሁን ወደ ገቢው እንምጣ። የአዳራሽ ሥራ በዓመቱ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። በጥር ጥምቀቱና ሰርጉ፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርጉ ይበዛል። በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ይደራረባል። በሁዳዴ 55 ቀን ግን ሰርግ የለም። የሙያ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲው ጉባኤያቸውን ወደ ሁዳዴ ቢያመጡ አዳራሹን በቅናሽ ያገኙታል፤ ምግቡም ሙሉውን የጾም ሆኖ ስለሚዘጋጅ ወጥ ቤቱ ረቡዕና ዓርብን እየለየ ሁለት ዓይነት አይሠራም። ሐምሌና ነሐሴ አዳራሹ ጭር ይላል። ተማሪ ዶርም ለቆ ፍራሹንና ሻንጣውን የት እንደሚያኖር የሚጨነቀውም ያን ጊዜ ነው። ወንበሮቹ ለሁለት ወር በራሱ በአዳራሹ ወለል ላይ ቢቆለሉ ዕቃ ቤቱ ለኪራይ ነፃ ይሆናል።

በትልልቅ ከተሞች ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው፤ ደንበኛው ትንሽ ክፍል በወር ይከራያል፣ የራሱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሲፈልግ ይገባል ይወጣል። እዚህ ሰው ቤት ሲቀይር ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ዕቃውን ዘመድ ቤት ያስቀምጣል፣ ዘመድም እምቢ ማለት ያፍራል። ሲመለስ ሶፋው ተቀምጦበት አልቋል፣ ማንም አይጠየቅም።

ይህን ሥራ ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሥራ ፈት የሆነ ምድር ቤት ነው። አይሆንም! በጎንደር ክረምት ውኃ ከዳገቱ በኩል በግድግዳው ሰርጎ ይገባል፤ ወለሉ ደረቅ ቢመስል እንኳ አየሩ ይረጥባል፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ፍራሽ፣ ቆዳና መጽሐፍ ይሻግታል። ከመንገድ ከፍ ያለ ምድር ወለል ይመረጥ። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ላስቲክ ይነጠፍ። ዕቃው በሞራሌ ወይም በፓሌት ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳውም ያን ያህል ራቅ ይበል፤ ምስጥ ሲጀምር የሚታየው በዚያ ክፍተት ነው። አየር ማስገቢያው ከታችም ከላይም ይሁን፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ወንፊት ሽቦ ይለበስ፣ ከዚያ ከሰፋ አይጥ ታልፋለች።

አሮጌ ኮንቴይነር ርካሽ መፍትሔ ነው። የ20 ጫማው ወደ 14 ካሬ ወለል አለው፣ ለሦስት ክፍል ይበቃል። ችግሩ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ ወደ ዕቃው ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱ ኮንቴይነሩ አፈሰሰ ይላል፣ ያፈሰሰ ግን የለም። ከላዩ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ማድረግና ጎኑን መብሳት ብዙውን ያቃልላል።

በር ላይ የሚታይ ዕቃ ሁሉ አይገባም። ቤንዚን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪ ያልወጣለት ሞተር ሳይክል ይመለሳል። እህልም ይመለሳል፤ የአንድ ሰው ሽንብራ ነቀዝና አይጥ ጠርቶ የአሥር ሰው ዕቃ ያስበላል። ፍሪጅ በረዶው ቀልጦ፣ ተወልውሎ፣ በሩ በቁራጭ እንጨት ተከፍቶ ይቀመጥ፤ ሲጓጓዝ ተጋድሞ ከነበረ ደግሞ ሳይሰካ ለሰዓታት ይቁም። ፍራሽ በላስቲክ ሳይሆን በአንሶላ ይጠቅለል። በየክፍሉ ሶኬት አይገጠም፣ የመብራቱ ማብሪያም መተላለፊያው ላይ ይሁን። ካሜራ ጥሩ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ከሄደ ግን ዘበኛው ነው የሚቀረው።

ውሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ዕቃውን ተቀብዬ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ባለ አደራ ነው፤ የ1952 ዓ.ም.ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራና ስለ መጋዘን የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ክፍሉን አከራይቶ ቁልፉን ለተከራዩ የሰጠ ግን ቤት አከራይ ነው። ሁለቱ ኃላፊነት አንድ አይደለምና የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የመታወቂያ ኮፒ፣ በሁለት ቅጂ የተፈረመ የዕቃ ዝርዝር፣ ሲገባ የተነሣ ፎቶ ይያያዝ። ኪራይ ስንት ወር ካልተከፈለ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይስፈር፤ አከራዩ ክፍሉን ዘግቶ ዕቃውን መሸጥ አይችልም።

ለከተማው ፕላን ክፍል ያለን ጥያቄ አንድ ነው። አዳራሽ ሲጸድቅ የዕቃ ቤቱ ካሬ ሜትር በቁጥር ይጻፍ፣ ሕንፃው ሲያልቅም በሜትር ተለክቶ ይረጋገጥ። ወረቀት ላይ «ስቶር» ተብሎ የተሣለ ክፍል የምረቃው ሪባን ሳይቆረጥ ሱቅ ሆኖ ሊከራይ ይችላልና።

በአዳራሽ መስተንግዶና በዕቃ ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ጎንደር