«ቆዪ» ላላችኋት ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ

ከ20 ዓመት በታች የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን የምትጫወተው ታናሽ እህታችን፣ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና ከተተካላት 11 ወር ሆናት። ባለፈው እሑድ እዚሁ ሀዋሳ ተቀይራ ገብታ 20 ደቂቃ ተጫውታለች። ለዚህ ያበቃት ፈጣሪ ይመስገን።

ከሁሉ በፊት እናቷን እናመስግን። ጅማቱ የተበጠሰው ማንም ሳይነካት ነው፤ ዘላ በአንድ እግሯ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ይህ ጉዳት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ቢያንስ በእጥፍ ይበዛል። ጉልበቷ ሲያብጥ «ወልቆ ነው፣ ይታሽላት» ያለው ሰው ብዙ ነበር። እናቷ አሻፈረኝ አሉ። ደም የቋጠረ ጉልበት ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል እንጂ የተበጠሰ ጅማት አይገጥምም። እግሯን ከፍ አድርገው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ እየያዙላት አነጉ። በረዶውን በነፃ የሰጣችሁን የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴዎች፣ እጃችሁ ይባረክ። (ባዶውን የተያዘ በረዶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጨርቁ የግድ ነው፤ የዓሣውን ሽታ ግን ጨርቁም አላስቀረው።)

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው «ጉልበቷ ይታጠፍ ይሆን?» ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያሰጋው ግን አለመዘርጋቱ ነው። ትራስ ጉልበት ስር ሲገባ ይመቻል፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና በኋላ ያነክሳል። ፎጣ ተጠቅልሎ መግባት ያለበት ተረከዝ ስር ነው። ትራሱን ባየ ቁጥር መንጭቆ የሚያወጣባት ታናሽ ወንድሟ ውለታው አይረሳም። ስፌቱ ከዳነ በኋላ ጠዋት ጠዋት የመዋኛ ገንዳውን የከፈተልን ሆቴልም እንዲሁ። «ሐይቁ እያለ?» ላላችሁን፣ ቢልሃርዚያን ፈርተን ነው።

ከባዱ 5ኛው ወር ነበር። ሕመሙ ጠፍቷል፣ ትሮጣለች፣ የዳነች ይመስላታል። ከታፋዋ ጀርባ ተወስዶ የተተከለው ጅማት ግን ገና አልጠነከረም፤ 9 ወር ሳይሞላ ጨዋታ የገባ ሰው ዳግም የመበጠስ አደጋው ብዙ ነው። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ መጥታ በሀዋሳ ማሊያ ተጫውታ፣ ኋላም እስከ ማልታ መሄዷን እያየች ላደገች ልጅ «ቆዪ» መባል ያማል። ለወዳጅነት ጨዋታ «10 ደቂቃ ብቻ» ብላችሁ የለመናችሁን አልተቀየምናችሁም። «አትገባም!» ብለሽ ማሊያዋን የደበቅሽው አምበል ግን፣ ዕድሜ ይስጥሽ። በ7ኛው ወር በአንድ እግር ዝላይ ስትለካ የተጎዳው እግሯ የጤነኛውን 90 በመቶ አልሞላም፤ የሞላው በ10ኛው ነው።

የፒያሳው ጫማ ነጋዴ፣ ረጅም ጥርስ ያለውን ታኬታ መልሰህ በአጭር ጥርስ ስለቀየርክልን እናመሰግናለን። ረጅሙ ሰው ሠራሽ ሳር ላይ ይነክሳል፤ እግር ተይዞ ሰውነት ሲዞር ጉልበት ይከፍላል። የቡድን ጓደኞቿም ከልምምድ በፊት የ20 ደቂቃውን ማሟሟቂያ፣ በተለይ ሁላችሁም የምትጠሉትን ተንበርክኮ ቀስ ብሎ ወደፊት መውደቅ፣ አብራችኋት ሠርታችኋል። አሁንም እንዳታቆሙት፤ ለእናንተም ጉልበት ነው።

ከእሑዱ ጨዋታ በማግስቱ ጉልበቷ አላበጠም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ 30 ደቂቃ ትጫወታለች። ደጋፊዎች፣ «ከመጀመሪያው አስገቧት!» እያላችሁ አትጩኹብን።

አሰልጣኞቿና ወጌሻዎቿ
ሀዋሳ